የያዘውን የማይለቅ አውራ ጣት

አንዱ መሥሪያ ቤት በመንገድ ሥራው ይመሰገናል፣ ሌላው በእህል ክምችቱ። የእኛ መሥሪያ ቤት የሚመሰገነው በአክብሮቱ ነው። ክልሉ ገና አዲስ፣ አሶሳም የክልል ከተማ መሆኗን ገና እየለመደች ባለችበት በዚያ ዘመን ወንበር ያልነበራቸው ቢሮዎች ነበሩ፤ ጣሪያቸው የሚያፈስም ነበሩ፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም ተሟልተው ይገኙ ነበር። አክብሮት ግን ሞልቶ ተርፎን ነበር። ኃላፊያችን አቶ ይልቃል ሳይስቁ የሚስቅ፣ ሳይቀመጡ የሚቀመጥ ሰው በግቢው አልነበረም። እኔም የመሥሪያ ቤቱ የጥናት ባለሙያ ሆኜ ስላገለገልኩ፣ አክብሮት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለማያውቁ ሁሉ መናገር ግዴታዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ኮምፒዩተር ሊገባልን ነው በተባለ ጊዜ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀለት ኮምፒዩተር መግዛት ይቻል ነበር። ማኔጅመንቱ ግን በጥልቀት ተወያይቶ፣ ተገጣጥሞ የሚመጣ ዕቃ በሠራተኛው ላይ የጥገኝነት ስሜት ያሳድራልና ብትንትኑ እንዲመጣ ወሰነ። ካርቶኖቹ በጭነት መኪና ላይ ከሽንኩርት ጋር ተጭነው፣ በነቀምት አድርገው፣ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ጠጥተው ደረሱ። እኛም ቆመን በጭብጨባ ተቀበልናቸው።

መገጣጠሙ የተሰጠው ለሰራዊት ነው። ሰራዊት ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ዕቃ ፈትቶ መግጠም ያውቅበታል፣ ሰው ፊት መናገር ግን ሞቱ ነው፤ አለቃ ሲያይ ጆሮው ይቀላል። ባለቤቱ ሐኒ መምህርት ናት። ለሦስት ዓመት በደብዳቤ ብቻ ተጋብተው ከኖሩ በኋላ፣ ለምና፣ ደጅ ጠንታ፣ በዚያው ሰሞን ወደ አንድ የአሶሳ ትምህርት ቤት ተዛውራ መጥታ ነበር። ሻንጣዋ ገና አልተፈታም። ሰራዊት የቀርከሃ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ዕቃ ሲገጥም እያፏጨ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀና ማብሪያውን ነካ አደረገው። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ በራ። ጸሐፊያችን ዐዋጢፍ ቀርባ በአንድ ጣቷ ስሟን ጻፈችና ፊደሏን ስክሪኑ ላይ ስታይ፣ «ያ ሰላም፣ ይሄ እኮ ቀለም አትፈልግም» አለች። የቤርታ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል እንጂ ሐሳቧ ተሳስቶ አያውቅም። ሁላችንም ደስ አለን። መጀመሪያ ወደ ልቡናዬ የተመለስኩት እኔ ነኝ።

«አጥፋው» አልኩት ሰራዊትን።

«ለምን?»

«ኃላፊው ሳያበሩት በርቶ ያውቃል እንዲባል ነው?»

ጆሮው ቀላ፤ አጠፋው። ኮምፒዩተሩም በርቶ እንደማያውቅ በሙሉ ድምፅ ተስማማን።

ምረቃው በግቢያችን ማንጎ ዛፍ ሥር ሆነ። እዚህ ላይ ስለ አቶ ይልቃል አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። እሳቸው የያዙትን አይለቁም። ሰላም ሲሉን፣ የእያንዳንዱ ልጃችን ጤና በየስሙ ተጠይቆ እስኪያልቅ እጃችን እሳቸው ዘንድ ይቆያል። ንግግራቸውንም «የጨበጥነውን አንለቅም» ሳይሉ ዘግተውት አያውቁም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ደግ ነበሩ። እና በዚያ ቀን፣ ክብራቸውን የሚያውቁ ሰው እንደመሆናቸው፣ ማብሪያውን የጎረቤት በር ደውሎ እንደሚሮጥ ሕፃን ጠቅ አድርገው እጃቸውን አልሰበሰቡም። አውራ ጣታቸውን አሳረፉና ወደ ተሰብሳቢው ዞረው ቆሙ።

ኮምፒዩተሩ ተነሳ። አጨበጨብን። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዋ ወይዘሮ የወርቅውሃ ካሜራቸውን አነሱ። ቤተሰባቸው በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ነው፤ ንግግራቸው ከነለዛው አብሮ መጥቷል።

«እንዲያው ጋሼ፣ ጣትዎን እንዳያነሱብኝ። አብሽሩ፣ አንድ ልድገም» አሉ።

ሲደግሙ ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጭብጨባው እያመነታ ቆመ። አቶ ይልቃል እንደገና ተጫኑት፤ ተነሳ፤ ያዙት፤ ጠፋ። ሦስተኛም እንዲሁ። ሰራዊት ከኋላዬ ነበር።

«ምን ሆነ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ጣታቸው ነው።»

«ምናቸው?»

«ጣታቸው። ማብሪያው ነካ ተደርጎ ይለቀቃል። ተጭነው ከቆዩበት እንዲያጠፋ ነው የተሠራው።»

«ታዲያ ንገራቸዋ።»

«እኔ? ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰው? አንተ ንገራቸው፣ አንተን ይወዱሃል።»

«እኔ የጥናት ባለሙያ ነኝ። ይሄ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው።»

ወደ ወይዘሮ የወርቅውሃ ጠጋ ብዬ ነገሩን አጫወትኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኧረ በሞቴ፣ ይኸ ሁሉ ሰው ፊት? ደሞስ ጣታቸው ፎቶው ላይ እንዴት አምሮ ወጥቷል መሰለህ።»

እስከ ማታ ድረስ ነገሩን ዘበኛው አወቀ፣ ድንኳን አከራዩ አወቀ፣ ከግቢው ማዶ ያለው ሻይ ቤት አወቀ። በአሶሳ ከተማ ያላወቁ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አቶ ይልቃልና ኮምፒዩተሩ።

በማግስቱ የቴክኒክ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ኮሚቴው የተሰጠው ተልእኮ የብልሽቱን መንስኤ ማግኘት ነበር። መንስኤውን ሁላችንም ስለምናውቅ ሥራው እጅግ ከባድ ነበር። አንድን ነገር እያወቁ መፈለግ እንዴት እንደሚያደክም ያልሞከረው አያውቀውም። ክዳኑን ከፍተን አቧራ እፍ አልን፤ ብሎኑን ሁሉ ፈትተን መልሰን አጠበቅን፤ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አርቀን ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው አርቀን ወደ መስኮቱ ወሰድነው። ጠዋት ጠዋት አቶ ይልቃል ይመጣሉ፣ አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፣ ይነሳል፣ ይጠፋል፤ «በርቱ» ብለውን ይሄዳሉ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዐዋጢፍ ነካ ታደርገውና ቀኑን ሙሉ ስትጽፍበት ትውላለች። መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው ወረቀት ሁሉ የማይሠራው ኮምፒዩተር የጻፈው ነበር።

አንድ ነገር በቶሎ መወቀስ ስላለበት ወደ ጄኔሬተሩ ሄድን። ጄኔሬተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዳበሳ የባምባሲ ሰው ነው፤ የሞተሩን ሆድ እንደ ከብት ሆድ እየዳበሰ ነው የሚያሳድረው።

«ጄኔሬተሬ ምን አደረጋችሁ?» አለ። «አምፖሉ ይበራል። ራዲዮኑ ያወራል። የሚጠፋ እሱ ብቻ ነው።»

«ኃይሉ ይዋዥቃል ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው? እኔ እኮ ነገሩን አውቃለሁ። ጣት ነው። ሄጄ ልንገራቸው?»

«ተው» አልን በአንድ ቃል።

«እሺ፣ ጄኔሬተሩን ውቀሱ» አለ ዳበሳ፤ «እሱ አይቀየምም።» ወቀስነው፤ ዘይቱም ተቀየረለት። ኮምፒዩተሩ አቶ ይልቃል በመጡ ቁጥር መጥፋቱን ቀጠለ።

በዚህ ጊዜ አቶ ይልቃል ትዕግሥታቸው አለቀና ጉዳዩ በግምገማ እንዲፈታ አዘዙ። የዚያ ዘመን ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ሰው ተሰብስቦ አንዱ ስለሌላው ጉድለት፣ ቀጥሎም ስለራሱ ጉድለት እስኪያልበው የሚናገርበት ነው። የእኛው ግን ለየት ያለ ነበር፤ የተገመገመው ኮምፒዩተሩ ነው። ከነስክሪኑ በአዳራሹ መካከል ወንበር ላይ ተቀመጠ። አቶ ይልቃል መድረኩን ከፈቱ፤ እኛም በነጻነት ሂሳችንን አወረድነው።

«ሥራ ሲጀመር ሞቅ ይላል፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ይህ የጽናት ማነስ ነው» አለ የግዥው ኃላፊ።

«ኃላፊ ባለበት ይጠፋል፤ ኃላፊ ሲወጣ ይሠራል። ይህ ንቀት ካልሆነ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ።

እኔም ድርሻዬን መወጣት ስለነበረብኝ፣ ከሰራዊትና ከዐዋጢፍ ጋር ብቻ መስማማቱ ቡድንተኝነት እንዳለበት ያሳያል አልኩ። ይህ ሐሳብ በጣም ተወደደልኝ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ግለ ሂስ እንዲያወርድ ዕድል ተሰጠው። ጠበቅነው፤ ዝም አለ። ዝምታውም በእብሪት ተመዘገበበት።

ዐዋጢፍ እጇን አወጣች። «እሱ አፍ የላትም፣ ምን ትላለች? ወላሂ እናንተ ሰው ታውቃላችሁ። ጣት ብቻ ነው፣ ጣት ካነሳ ኸላስ፣ አለቀ...»

አቶ ይልቃል ፊታቸው በራ። «ልክ ነሽ፣ ልጄ» አሉ። «አንዱ በሌላው ላይ ጣት መቀሰሩን እንተው። ሁላችሁም ከዐዋጢፍ ተማሩ።» አጨበጨብንላት። እሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየችና ተቀመጠች።

የግምገማው ውጤት ለኮምፒዩተሩ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ዕቃ ብቻውን ጥፋተኛ ሊሆን ስለማይችል ግን ሰው ተፈለገ፤ የገጣጠመው ሰው ደግሞ አለ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊጎበኙን ነበር። በዚያን ዕለት ኮምፒዩተሩ በአቶ ይልቃል እጅ በርቶ ካልቆየ፣ ሰራዊት ወደ ማንቡክ እንዲዛወር ተወሰነ። ማንቡክ ምን ጥፋት አላት፣ መልካም ከተማ ናት። ሰራዊት ግን ሚስቱ ያለችው አሶሳ ነው፤ ማንቡክ ያለችበት መተከል ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ነው። ያን ቀን ከአዳራሹ ሲወጣ ፊቱን አየሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ እንኳ አቶ ይልቃል ዘንድ ገብቼ ሁለት ቃል መናገር እችል ነበር። የገባሁት ግን ወደ ኮሚቴው ነው።

ኮሚቴው እንደ ልማዱ ቀላሉን ትቶ ረቂቁን መረጠ። መላውን ያመጣው ራሱ ሰራዊት ነው። በሣጥኑ ፊት ከትልቁ ማብሪያ በታች ሌላ ትንሽ ቁልፍ አለች።

«የትልቁን ሽቦ ነቅዬ በቦታው የትንሿን እሰካለሁ» አለ። «ትልቁ ከምንም ጋር አይገናኝም። እሳቸው እሱን ይጫኑ፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ትንሿን ነካ አደርጋለሁ።»

«እሳቸው ሲጫኑ ምን ይሆናል?»

«ምንም። እስከፈለጉ ድረስ ይያዙት።»

ይህ መላ ኃላፊን በማይጎዳና ሥራን በማያስተጓጉል መንገድ ሁለቱን ስለሚለያይ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔ እስከዛሬም ከዚያ የበለጠ የአስተዳደር ብልሃት አላየሁም።

እንግዶቹ መጡ። አቶ ይልቃል አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ጠረጴዛው ሥር «ሽቦ ሊይዝ» የተንበረከከው ሰራዊት ትንሿን ነካ አደረገ። ተነሳ። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን፤ አቶ ይልቃልም ጣታቸውን ሳያነሱ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ስለ ክልሉ ተስፋ፣ ስለ ማንጎው ምርት፣ ስለ መንገዱ ተናገሩ፤ ኮምፒዩተሩ ቦግ እንዳለ ቀረ። ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞሩና፣ «አያችሁ?» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እስከዛሬ አያያዜ ላልቶ ነበር። ይህ ማሽን የሚፈልገው ጠበቅ ያለ እጅ ነው።»

ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ሰራዊትም ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን እያራገፈ ወጣ። አቶ ይልቃል አቀፉት፤ እንደ ልማዳቸውም ሳይለቁት በዚያው እንደያዙት ሽልማቱን ነገሩት። እንዲህ ያለ ባለሙያ አሶሳ ላይ ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም። ለየወረዳው ኮምፒዩተር እየተላከ ስለሆነ፣ ጠበቅ አድርጎ የመያዝን ዘዴ እየዞረ ያስተምር ዘንድ በቋሚነት ወደ መተከል ተመድቧል። ቡለንንና የወምበራዋን ደብረ ዘይት ያዳርሳል። መቀመጫውም ማንቡክ ነው።

ቅጣቱና ሽልማቱ አንድ ቦታ ሆኖ አረፈው። ሰራዊት አፉን ከፈተ፣ ጆሮው ቀላ፣ «አመሰግናለሁ» አለ። እኛም እንኳን ደስ ያለህ አልነው።

በማግስቱ ሐኒ መጣች። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፣ ሰውን የምታየው ግን አፍንጫው እንዳልተጠረገ ልጅ ነው። አቶ ይልቃል ቢሮ ስትገባ እኔና ወይዘሮ የወርቅውሃ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ነበርን። ባለቤቷ ከቀሩት ካርቶኖች ገጣጥሞ ያመጣው ሁለተኛ ኮምፒዩተር በዚያው ጠዋት በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽቦውን የማዘዋወር ጊዜ ግን አልተገኘም።

«ጋሼ፣ ስለ ባለቤቴ ዝውውር ልለምንዎት ነው የመጣሁት» አለች።

«ልጄ፣ አትዘኝ። ባለቤትሽ ምን የመሰለ ዕውቀት ይዞ እንደሚሄድ ላሳይሽ» አሉና አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ተነሳ። ያዙት። ጠፋ። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ጠበቅ አድርገው ደገሙት። ጠፋ።

«ኃይሉ ነው፣ ዳበሳን እንጥራው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ሐኒ ጣታቸውን አየች። እኛን አየች። ከዚያ ለልጆቿ በምትናገርበት ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ነካ ያድርጉትና ጣትዎን ያንሱ» አለች።

አቶ ይልቃል ነካ አደረጉትና አነሱ። ኮምፒዩተሩ በራ፤ በርቶም ቆየ። እኔ ጣሪያው ይፈርሳል ብዬ እጠብቅ ነበር። አቶ ይልቃል ግን ጣታቸውን ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩትና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ይኸው ነው? ይህንን የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው ስንት ጊዜ የተንገላታነው?» አሉ። ወዲያው ሳቃቸውን ገታ አድርገው ወደ እኛ ዞሩ። «ለመሆኑ ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር?»

አጠያየቃቸው ቀና ነበር፤ እውነቱን ብንናገር ይስቁ ነበር ብዬ ዛሬ አምናለሁ። ያን ጊዜ ግን ወይዘሮ የወርቅውሃ እኔን አዩ፣ እኔም እሳቸውን።

«ማንም አያውቅም ነበር፣ ጋሼ» አልን።

ሠራተኛው አንድ በአንድ ተጠርቶ ተጠየቀ። ሁሉም አላውቅም አለ። ዳበሳና ዐዋጢፍ ብቻ «አውቅ ነበር» አሉ፤ አቶ ይልቃልም እየሳቁ ወደ ሥራቸው ሸኟቸው። ለቀረነው ለማናውቀው ሥልጠና እንዲሰጠን ታዘዘ። ጠበቅ አድርጎ የመያዙ ዘዴ ስለተሻረ የሰራዊት የማንቡክ ምደባ ተሰረዘ፤ የእኛ አሠልጣኝ ደግሞ ሐኒ ሆነች። ሻንጣዋን በዚያን ምሽት እንደፈታች ሰራዊት ነገረኝ፤ እያፏጨ ነበር የነገረኝ።

ሥልጠናው የተሰጠው ከሰዓት በኋላ በእሷው ክፍል፣ በአንደኛ ክፍል አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነው። ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ተደርድረን ተቀመጥን። አቶ ይልቃልም አርአያ ለመሆን ከፊት ተቀመጡ። ሐኒ የማያውቁትን መጠየቅ፣ የሚያውቁትን ደግሞ መናገር ነውር አለመሆኑን አስተማረችን። በጣም ጥሩ ትምህርት ነበር፤ ሁላችንም ጽፈነዋል። በመጨረሻው ቀን የሥልጠናው መዝጊያ ብላ ጠመኔ አነሳችና ሰሌዳው ላይ «ሰኔ 31 ቀን» ብላ ጻፈች። ከዚያ ዞር ብላ እጇን አጣምራ ቆመች።

ሰሌዳውን አየን። እርስ በርስ ተያየን። የእኛ ወር ሠላሳ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያንም እስላምም በዚያ ክፍል አልነበረም። ወይዘሮ የወርቅውሃ አንገታቸውን ደፍተው መጻፍ ጀመሩ፤ እኔም ቀጠልኩ። አቶ ይልቃል እስክሪብቶአቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ቃኙን፤ ሁላችንም እንደምንጽፍ ባዩ ጊዜ እሳቸውም ጻፉ።

«ጥያቄ ያለው አለ?» አለች ሐኒ።

«የለም» አልን በአንድ ድምፅ።

የምስክር ወረቀቱን በኮምፒዩተር የጻፈችው ዐዋጢፍ ናት። ረቂቁን ሳቀርብላት አንብባ ቀና አለች።

«ሰኔ ሠላሳ አንድ የላትም እኮ» አለች።

«ኃላፊው ራሳቸው የጻፉት ቀን ነው፤ ዝም ብለሽ ጻፊው» አልኳት።

ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀችና ጻፈችው። የምስክር ወረቀቴን በመስታወት አስገብቼ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሊጠይቀኝ የሚመጣ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ ቀረብ ብሎ ያነበዋል፤ ቀኑ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ማኅተሙ እንዴት ጥርት ብሎ እንዳረፈ ያደንቃል።